ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ወይስ ሦስት ሰባ አምስት፦ ለአንድ ጠመንጃ ጂጂጋ ደርሶ መልስ

ጂጂጋ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሄድኩትም ለጠመንጃ ነው። ሥራዬ ጠመንጃ መጠገን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፈቃድ ላላቸው አዳኞች ሰደፍ እቀይራለሁ፣ ማነጣጠሪያ አስተካክላለሁ፣ ዝገት አወጣለሁ። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ያደረግኩትን ያንን ጉዞ፣ ወደዚያ አገር ሄደው ለማያውቁ ወዳጆቼ ስል እንደሆነው ጽፌዋለሁ።

ጉዳዩ የጓደኛዬ የዳኛቸው ነው። ዳኛቸው የውጭ አገር አዳኞችን ይዞ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ አስጎብኚ አዳኝ ነው። እንግዳ ያቆሰለው ጎሽ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ተከትሎ መጨረስ የእሱ ግዴታ ነው። ከጉዟችን በፊት በነበረው የአደን ወቅት አንድ የቆሰለ ጎሽ ተመልሶ መጣባቸው። ዳኛቸው አንድ ተኮሰ። ሁለተኛውን ለማቀባበል የማቀባበያውን እጀታ፣ ቃታውን፣ ሲስብ የፊተኛው ጥይት ባዶ ቀለህ ተሰነቀረበት። ጎሹ እሱን አልፎ ዱካ የሚያነብለትን ሉቃስን ወጋው፤ ጭኑንም ሰበረው። ሉቃስ ከብዙ ሕክምና በኋላ ቆሞ መሄድ ጀመረ። ዳኛቸው ግን ከዚያ ወዲህ ያን ጠመንጃ አያምነውም ነበር።

ስለዚህ ባለ ሁለት አፈሙዝ ፈለገ። ይህ ጠመንጃ ወገቡ ላይ ታጥፎ ይከፈትና ሁለት ጥይት ይጎርሳል፤ ምላጩም ሁለት ነው። አንዱ ከተኮሰ በኋላ የሚሳብ ቃታ የለውም፤ ጣትን ወደ ኋለኛው ምላጭ ማዞር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው። አንዱ ጂጂጋ ውስጥ እንዳለና ባለቤቱ እንደሞቱ ሰማን። ቤተሰቡም ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ሰው ማስተላለፍ ይፈልጋል አሉን።

ሰኞ

ዳኛቸው በሚሠራበት የአደን ድርጅት አሮጌ ፒክአፕ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣን። እኔ የመሣሪያ ሳጥኔን፣ ዳኛቸው ደግሞ አንድ ጀርመናዊ እንግዳ ትቶለት የሄደውን አንድ ፓኬት ጥይት ይዘናል። ወረቀታችን የተሟላ ስለነበር ኬላዎች ላይ ብዙም አልዘገየንም። አዋሽ ላይ ቁርስ በላን። ሙቀቱ ገና በጠዋት ሹራቤን አስወለቀኝ፤ ኮልፌ ቤቴ ብሆን በዚያ ሰዓት ጋቢም እደርብ ነበር።

መንገድ ላይ የተከራከርነው ስለ ጥይት ነው። የጂጂጋው ጠመንጃ ሁለት ጥንድ ተቀያያሪ አፈሙዝ አለው ተብለናል። አንዱ ጥንድ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት የሚባለውን፣ በፓኬት የያዝነውን የጀርመን ጥይት፣ ሌላው ሦስት ሰባ አምስት የሚባለውን የእንግሊዝ ጥይት ይተኩሳል። ሁለቱም መካከለኛ ናቸው፤ እንደ ዝሆን ጥይት ትከሻ አይሰብሩም፣ ለጎሽ ግን ይበቃሉ። የዳኛቸው አዲሱ ፈቃድ የሚፈቅደው አንዱን ብቻ ነው።

«ሦስት ሰባ አምስት ነው የምወስደው» አለ ዳኛቸው። «ዕድሜ ልኬን የተኮስኩት እሱን ነው።»

«አንተ የተኮስከው ከንፈር የሌለውን ነው» አልኩት። «ባለ ሁለት አፈሙዝ የሚፈልገው ቀለሁ ከሥሩ ከንፈር ያለውን ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ጥይታቸው ሌላ ነው። ከንፈር ያለውን ሦስት ሰባ አምስት ከየት ታመጣለህ?»

«እንግዶች ያመጡልኛል።»

«ማን ነው የማይተኩሰውን ጥይት ተሸክሞ ከአውሮፓ የሚመጣልህ?»

ጭሮን አልፈን፣ ሂርና ሳንደርስ የሞተሩ ቺንጋ ተበጠሰና ክርክሩ እዚያው ተቋረጠ። ዳኛቸው መለዋወጫ ይዣለሁ ያለው የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። አንድ የጫት ጭነት የያዘ ሹፌር ዕቃው እንዳይጠወልግበት እየሮጠ ሳለ ቆመልንና የራሱን ትርፍ ቺንጋ ሰጠን። ለመክፈል ብንለምነው «ዛሬ እናንተ፣ ነገ እኔ» ብሎ ሳይሰማን ሄደ። ሂርና አደርን። አልጋው ንጹሕ ነበር፤ ውሃ ግን በባልዲ ነው።

ማክሰኞ

ቁልቢን አልፈን ለምሳ ሐረር ደረስን። ከተማውን ለማየት ጊዜ አልነበረንም፤ ዳኛቸው ተቻኩሏል። ከባቢሌ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቆልሎ የቆመበትን ሸለቆ አልፈን፣ ዳገቱን ወጥተን ካራማራ ላይ ስንደርስ ከታች ሜዳ ተዘረጋ። እኔ ተራራ መሃል ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ የሚያርፍበት አጥቶ ሩቅ ሄዶ ቀረ። ከተማዋ የሜዳው አፍ ላይ ተቀምጣለች።

ጂጂጋ ስንገባ ንፋስና አቧራ ተቀበለን። ገበያው ገና አልተዘጋም ነበር። ሻጩ በሶማልኛ ይጀምርና ፊታችንን አይቶ ወደ አማርኛ ይዞራል። ማታ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን፤ ከጎኑ ሙዝ መጣ። ሙዙን ለመጨረሻ ብዬ ሳስቀምጥ አስተናጋጁ አየኝና «ጋሼ፣ ከሩዙ ጋር ነው» አለኝ። በጥርጣሬ ሞከርኩት፤ ተስማማኝ። ቤቴ ተመልሼ ባለቤቴን ሥሪልኝ ብላት ግን ስቃ አለፈችኝ።

ረቡዕ

የሟቹ የአቶ ኑር ቤት ቆርቆሮ በሩ ሰማያዊ የተቀባ ሰፊ ግቢ ነው። በሩን የከፈተችልን ልጃቸው ሆዳን ናት፤ በከተማው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት። እናቷን ምን ብለን እንደምንጠራቸው ስንጠይቃት «ኤዶ በሏት፣ አክስቴ እንደማለት ነው» አለችን። እንዲሁ ኤዶ ሃሊማ አልናቸው።

ኤዶ ሃሊማ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አማርኛቸውን የተማሩት ከባላቸው ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ነው። አቶ ኑር በንጉሡ ዘመን የውጭ አዳኞችን ይመሩ ነበር፤ ጠመንጃውንም አንድ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለስ ሰጥቷቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እያስመዘገቡ ይዘውት ኖሩ።

ቅመም ያለው ሻይ በወተት ጠጣን፤ ላሆህ የሚባል ስስ የሶማሌ ቂጣ ከጉበት ጋር ቀረበ። ላሆህ እንጀራ ይመስላል ብዬ በትልቁ ቆረስኩ፤ ስኳር ያለበት ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ሆዳን ጠመንጃውን አመጣችው።

በሥራዬ ብዙ ጠመንጃ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠመኝም። እንጨቱ በእጅ ብዛት እንደ ቆዳ ለስልሷል። ስከፍተው ድምፁ የጥሩ ቁም ሳጥን በር ይመስላል። ሁለቱንም ጥንድ አፈሙዝ ወደ መስኮቱ አንስቼ ውስጣቸውን አየሁ፤ ጠባሳ የላቸውም። የሦስት ሰባ አምስቱ በተለይ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር።

«አንድ ነገር አለኝ» አሉ ኤዶ ሃሊማ። «ሁለቱንም አልሰጥም። አንዱ ለሥራ ይሂድ። አንዱ እኔ ጋ ይቀራል። አርባ ዓመት ከዚህ ብረት ጋር ነው የኖርኩት፤ ሰውየው ሲሄድ ሁሉም በአንድ ቀን ከቤቴ እንዲወጣ አልፈልግም።»

«የትኛው ይቅርልዎት?» አልኳቸው።

«እሱ አያገባኝም። የሚያድነው ይምረጥ። ለራሱ የሚሆነውን።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄድን። በማግስቱ ከከተማ ውጭ እንድንሞክር ተፈቀደልን፤ ሳጅን አብዲ የሚባል ፖሊስም አብሮን እንዲሄድ ታዘዘ።

እዚህ ላይ የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ማታ ኤዶ ሃሊማ የግመል ወተት አቀረቡ። ሆዳን «ላልለመደ ትንሽ ይበቃል» ብላኝ ነበር። ጣመኝና ደገምኩ፤ ደግሜም ደገምኩ። ከሆቴሉ ክፍሌ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለውን ኮሪደር እስከ ዛሬ በዓይነ ሕሊናዬ አየዋለሁ።

ሐሙስ

በጠዋት ሆዳን ሆዴን የሚያስታግስ መድኃኒትና በውሃ የሚበጠበጥ ጨው ይዛ ሆቴል ድረስ መጣች። «እናቴ ስቃ ስቃ ልትሞት ነው» አለችኝ። ቢጫ ፊቴን ይዤ መኪና ውስጥ ገባሁ።

በቀብሪበያ መንገድ ወጥተን አንድ ደረቅ ወንዝ አጠገብ ቆምን። የወንዙ ገደል እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ አፈር ስለሆነ ጥይት አያሳልፍም። ሳጅን አብዲ አካባቢውን ዞሮ አየ፤ ግመል የሚጠብቁ ሰዎችን በሶማልኛ ተጣርቶ ራቅ አደረጋቸው። የብስኩት ካርቶን ገደሉ ላይ ሰክተን መቶ ሜትር ያህል ራቅን።

መጀመሪያ ሦስት ሰባ አምስቱን ገጠምኩ። አቶ ኑር ከተዉት ጥይት የቀረው ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። ቀለሁ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር፤ ጠራርጌ የተሻሉትን መረጥኩ። ዳኛቸው የቀኙን ተኮሰ፣ የግራውን አስከተለ። ካርቶኑን ሄደን ስናየው ሁለቱ ቀዳዳዎች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ሁለት የተጣመዱ አፈሙዞችን አንድ ቦታ እንዲመቱ አድርጎ መበየድ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥበብ ነው። ዳኛቸው ፊቱ በራ። ከጎሹ ቀን ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

«አለቀ» አለኝ። «ምን ትላለህ አሁን?»

ሌላ ሁለት ጥይት አጎረሰ። የቀኙን ምላጭ ሲስብ ቀጭ ብቻ አለ። ዳኛቸው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሊከፍተው እጁን ወደ መክፈቻው ሰደደ።

«አትክፈት!» ብዬ ጮህኩ። «ወደ ገደሉ እንደያዝክ ቁም!»

ባለበት ደረቀ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ጥይቱ በራሱ ጊዜ ፈነዳና ገደሉን መትቶ አቧራ አስነሳ። ከፍቶት ቢሆን ኖሮ ቀለሁ ፊቱ ላይ ነበር የሚፈነዳው። ያረጀ ጥይት እንዲህ ያደርጋል። ዳኛቸው ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ የሆዴን ሕመም እዚያው ረሳሁት።

ሳጅን አብዲ ጥቂት ቆይቶ «ወላሂ፣ ይሄ ጥይት መጀመሪያ አስቦ ነው የተኮሰው» አለ።

የቀረውን እፍኝ ጥይት በመሐረብ ቋጥሬ ለሳጅኑ አስረከብኩትና ዘጠኝ ነጥብ ሦስቱን ገጠምኩ። የጀርመኑ ጥይት አዲስ ስለሆነ እንደ ሰዓት ይሠራል። ካርቶኑን ስናየው ግን የቀኙና የግራው ቀዳዳ ስንዝር ተራርቀዋል። ደገመ፤ ያው ነው። ይህ ጥንድ አፈሙዝ የተስተካከለው ለሌላ ዓይነት የጥይት አረር እንደሆነ ገባኝ።

«እንግዲህ ይኸው» አለ ዳኛቸው። «በትክክል የሚመታው ጥይት የለውም። ጥይት ያለው በትክክል አይመታም። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለዚህ ነው?»

መሣሪያዎቼን ወደ ሳጥኑ መለስኩ። ሳጅን አብዲ አጎቱ ቀብሪበያ እንደሚኖሩና ሳንበላ ብንመለስ እንደሚቀየሙት ነገረን። ሄድን። አጎትየው የግመል ነጋዴ ናቸው፤ የማያውቁንን ሰዎች ምንጣፍ አንጥፈው፣ ትራስ ደርድረው ተቀበሉን። ፓስታ በሥጋ በትልቅ ሳህን መጣ። እኛ ቤት እንግዳ ከመጣ ጉርሻ አለ፤ እዚያ ደግሞ ሥጋው ከሳህኑ መሃል ወደ እንግዳው ፊት ይገፋል። እኔ ወደ ዳኛቸው ገፋሁት። ወተት ሲመጣ ሳጅኑ ቀድሞ «ለእሱ ሻይ» አለልኝ።

አጎትየው ለምን እንደመጣን ጠየቁ። ሳጅኑ እየተረጎመ ዳኛቸው የጎሹን ነገር አወራ። በእኔ ፊት ያን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያወራ ያ የመጀመሪያው ነው። ሉቃስ እንዴት እንደጮኸ ተናገረ። ቃታውን ይዞ ሲታገል እንደነበርም አልደበቀም። አጎትየው አዳመጡትና «ሲመጣብህ የት ጋ ነበር ያየኸው?» አሉት።

ዳኛቸው ወደ ውጭ ተመለከተ። ከበሩ ማዶ የፍየል በረት አለ። «እዚያ በረት ጋ» አለ።

በረቱን አየሁት። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሻዬን አስቀምጬ «ዳኛቸው፣ መቶ ሜትር ላይ ምን አደከመን?» አልኩት። «መቶ ሜትር ላይ ያለ ጎሽ የእንግዳው ነው። ያንተ እኮ በረቱ ጋ ያለው ነው።»

ወደ ወንዙ ተመልሰን ካርቶኑን እዚያው ርቀት ላይ ተከልነው። ዳኛቸው ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያለ ፈጥኖ ተኮሰ። አራቱንም ቀዳዳ በመዳፌ ሸፈንኳቸው።

«ዘጠኝ ነጥብ ሦስት» አለ።

አርብ

ጠዋት ኤዶ ሃሊማን ይዘን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄድን። የዘጠኝ ነጥብ ሦስቱ ዝውውር ያለ ችግር አለቀ። የሦስት ሰባ አምስቱ አፈሙዝ ነገር ግን መኮንኑን አሳሰበው። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር አስመጥቶላቸው፣ አጎንብሶ በሶማልኛ አስረዳቸው። ከዚያ ለእኛ በአማርኛ ደገመው፦ ሊተኩስ የሚችል አፈሙዝ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ወይ ግምጃ ቤት ይገባል፣ ወይ ዳግመኛ እንዳይተኩስ ተደርጎ እሳቸው ይወስዱታል።

ኤዶ ሃሊማ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ትችላለህ? እንዳይተኩስ ማድረግ?»

«እችላለሁ» አልኩ። ማለቱ ከበደኝ።

የአርብ ሶላት እስኪያልቅ ጠበቅን፤ ከተማው በሙሉ ዘግቶ ነበር። ከዚያ የከባድ መኪና ጋራዥ ገባን። ባለቤቱ ከወልቂጤ የመጣ ሰው ነው፤ ጉዳዩን ሲሰማ መሰርሰሪያ ትራፓኖውንም የብየዳ ማሽኑንም ለእኔ ለቀቀልኝ። ኤዶ ሃሊማ የጎማ ቁልል ላይ ተቀመጡ። ዳኛቸው ውጭ ቀረ፤ «አላየውም» አለ።

አፈሙዙን በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ አጥብቄ ያዝኩት። ያን ያህል ጥበብ ያለበት ሥራ በእጄ ሳበላሽ የመጀመሪያዬ ነበር። የሠራው ሰው ስንት ጊዜ እየተኮሰ፣ እየፈታ፣ እንደገና እየበየደ እንዳስተካከለው አውቃለሁ። ትራፓኖውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ኤዶ፣ ግምጃ ቤት ቢገባስ? ደኅና ሆኖ ይቆያል።»

«ደኅና ሆኖ ለማን?» አሉኝ። «ልጄ፣ ኑር ዓይኑ ከደከመ በኋላ አንድ ቀን አልተኮሰበትም። ግን ያወጣዋል፣ ይጠርገዋል፣ ያወራኛል። እኔ የምፈልገው የሚያወራኝን ነው። ብሳው።»

በሳሁት። ጥይት የሚገባበትን ቦታ ከጎን በስቼ በብየዳ ደፈንኩት፤ አንዱን ከዚያ ሌላውን። ሳጅን አብዲ አይቶ ፈረመ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ለኤዶ ሃሊማ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አንስተው በአንድ ዓይናቸው ተመለከቱ፤ ባላቸው እንደዚያ ያዩ እንደነበር ገመትኩ። ጨለማ ሆነባቸው። ከዚያ በሻርፓቸው ጫፍ ጥቀርሻውን ጠርገው ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ። እኔ ግን ለዚያ ሥራ ምርቃት የሚገባኝ አልመሰለኝም ነበር።

ቅዳሜ

ስንወጣ ሆዳን ለልጆቼ ብላ ብርድ ልብስና አንድ ትልቅ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት መኪናው ላይ ጫነች። እምቢ ብንል ማን ሰምቶን። ከከተማው ውጭ ባለው ኬላ ፈታሾቹ የጠመንጃውን ወረቀት አይተው ወዲያው መለሱልን። ብርድ ልብሱ ላይ ግን ኮንትሮባንድ ነው አይደለም ተብሎ ረጅም ጥያቄ ተነሳ። ዳኛቸው ለጎሽ የሚሆን ጠመንጃ ጭኖ ስለ ብርድ ልብስ ሲማጸን ሳየው በሳቅ ፈነዳሁ፤ ፈታሹም ሳቀና አሳለፈን። ሐረር አድረን እሑድ ማታ አዲስ አበባ ገባን። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

የሚቀጥለው የአደን ወቅት ሲያበቃ ዳኛቸው ሱቄ መጣ። አንድ የቆሰለ ጎሽ ከቁጥቋጦ ወጥቶ መጥቶባቸው ነበር። በቀኙ ሲመታው ጎሹ ተንበረከከ።

«ጣቴ ሁለተኛው ምላጭ ላይ ነበር» አለኝ። «አልሳብኩትም። ወደቀ። ግን መኖሩን ስለማውቅ የመጀመሪያውን ሳልቸኩል ነው የተኮስኩት።»

ያን ዕለት ጂጂጋ ደወልን። ሆዳን ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻቸው። ዳኛቸው በደስታ ርቀቱን፣ ጥይቱን፣ የገባበትን ቦታ ሁሉ ዘርዝሮ ነገራቸው። ኤዶ ሃሊማ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ሰው ተጎዳ?» አሉት።

«ማንም አልተጎዳም፣ ኤዶ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሌላው ወሬ ነው።»